ሠርገኛ ያለቀሰበት ደጅ

ሽማግሌ ስለ ዘፈን ምን አገባው የምትሉ ካላችሁ እዚህ ላይ ተዉት። እኔን ግን ያገባኛል።

ባለፈው ጥር የልጄን ልጅ ደብረ ማርቆስ ላይ ዳርናት። ሠርጉ ሲቃረብ ወጣቶቹ ግቢ ውስጥ ወንበር ገጥመው ተቀመጡና ስልካቸውን እየነካኩ ይከራከራሉ። ሙሽሮች ሲገቡ ይሄ ይከፈት፣ ኬክ ሲቆረስ ያኛው ይከፈት። አንዱ መዝሙር ብቻ ይሁን ይላል፤ አንዷ ተዉት ዲጄው ያውቃል ትላለች። እኔን የጠየቀኝ የለም። ሳልጠየቅ ተናገርሁ።

«ሙሽራዋን ጠይቃችኋታል?» አልሁ።

ወደ ስልካቸው አቀረቀሩ። ኋላ አንደኛው፣ «አባባ፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ፤ እኛ እንጨርሰዋለን» አለኝ።

አላረፍሁም። ልመልስለት አፌን ስከፍት ለዳሱ የተቆረጠውን ባሕር ዛፍ ከመኪና ላይ ማውረድ ጀመሩ። ቅጠሉ እርጥብ ነው፤ እንጨቱ ገና ከልጡ ውኃ ያወጣል። ያ ሽታ ሲመጣብኝ የምለውን ረሳሁት። ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ከሮብ ገበያ ወዲያ፣ አባቴ ደጅ ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። የእኅቴ የይታይሽ ዳስ እንዲህ ነበር የሚሸተው። እንግዲህ ለእነዚያ ልጆች ልመልስላቸው የነበረውን እዚህ ልጻፈው። ትምህርቴ ዳዊት ሳይደርስ የተቋረጠ ነው፤ በአጻጻፌ የሚስቅ ይሳቅ።

ያን ዓመት ገብሱ ደህና ነበር። ውርጭ ሳይቀድመን አጨድነው። የእኔ ሥራ አውድማ ላይ በሬዎቹን ማዞር ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ስዞር ውዬ ማታ ስተኛ ቤቱ ይዞርብኛል። ሽማግሎቹ የመጡት እንዲያ ስናበራይ ነው። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከአውድማው ዳር ቆመው፣ አንቀመጥም እያሉ ተግደርድረው ተቀመጡ። እኔ በሬ ሊገዙ የመጡ መስሎኝ ቀዩ በሬ እግሩን እንደሚያመው እንዳያውቁብን ፈራሁ። ለካ የመጡት ለእታለም ነው። ይታይሽን እታለም ነበር የምላት፤ ታላቄ ናት።

ፈላጊው የመሪጌታ ጥበቡ ልጅ ነው። መሪጌታ ከጅረቱ ባሻገር ካለው ደብር ዜማ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ተማሪዎቻቸው ሲያዜሙ በነፋስ እኛ ድረስ ይሰማል። ልጃቸው ዲያቆን ነው፤ ነገ ቄስ ይሆናል። አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ እንደ ፋሲካ ማለዳ ሆነ። እታለምም ልጁን ገበያ ላይ አይታዋለች፤ አልጠላችውም።

ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንዲት ነገር ቀረች» አለ። «ቅዳሜ ሠርጉ፣ እሑድ ተክሊሉ ነው። መሪጌታ ሠርጉ በአግባቡ ይሁን ብለዋል። ተማሪዎቻቸው በወረብ ያጅባሉ። ልጃገረዶቹም በር ላይ ይዝፈኑ፤ ወግ ነው። መሰንቆ ግን ዳስ ውስጥ አይግባ። የልጄ አማቾች አዝማሪ ናቸው እንዲባል አልፈልግም ብለዋል።»

ስለ ማን እንደሚናገር ሁላችንም አወቅን። እናቴ የያዘችውን እንሥራ አስቀመጠች።

አያ ደሴ የእናቴ ወንድም ነው። አዝማሪ አይደለም፤ ገበሬ ነው። መሰንቆውን የተማረው አንድ መንገደኛ ቤቱ ታሞ ክረምቱን ሲያሳልፍ ነው። ሰውየው ሲድን ሄደ፤ የሚጫወትበት እጅ ግን አያ ደሴ ላይ ቀረ። በአገሩ ሠርግ ሁሉ ይጠሩታል፣ ያጨበጭቡለታል፣ ከሠርጉ ማግሥት ደግሞ «ያ ገበሬ ሆኖ መሰንቆ የሚገዘግዘው» ይሉታል። ይኸው ነው የኛ ሰው።

አባቴ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት መጥቶ ሁለት ክረምት ተኝቶ ነበር። እኔ አላስታውሰውም፤ እታለም ታስታውሰዋለች። ያን ጊዜ አያ ደሴ መጀመሪያ የኛን እያረሰ፣ ቀጥሎ የራሱን እያረሰ አከረመን። በሬዎቹን ሲፈታ እጁን ሳይታጠብ መሰንቆውን ያነሳል። እታለም ከጉልበቱ ሥር ትቀመጣለች፤ ያባቴን ማቃሰት እንዳትሰማ ይጫወትላታል። «አንቺ የምታገቢ ዕለት ይሄን አሮጌ ጭራ ጥዬ በአዲስ ጭራ ነው የምመጣልሽ» ይላት ነበር። የነጭ ፈረስ ጭራ ባገኘ ቁጥር እየመረጠ በቀርከሃ ውስጥ ያኖር ነበር።

እኔ ያን መሰንቆ እፈራው ነበር። የንስሐ አባታችን አንድ ቀን መሰንቆ የሰይጣን ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ በልጅ አእምሮዬ ሰይጣን በመሰንቆው ሳጥን ውስጥ የሚኖር መሰለኝ። አያ ደሴ በሌለበት ጆሮዬን በቆዳው ላይ ለጥፌ አዳመጥሁ፤ ውስጡ እም እም ይላል። ሮጬ ወጣሁ። ኋላ ለራሱ ለአያ ደሴ ነገርሁት።

«አለ» አለኝ ሳይስቅ። «ግን ሰነፍ ነው። እኔ ካልገዘገዝሁት ምንም አይሠራ።»

ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ፈራሁ።

አባቴ ሽማግሎቹን «እሺ» ብሎ ሸኛቸው። ማታውን አያ ደሴን አስጠራና ነገረው። አያ ደሴ ቆሞ ሰማ። «ለልጅቷ የሚበጃት ከሆነ መሰንቆዬ ቤቱ ይዋል» አለ። የተቀዳለትን ጠላ አጋምሶ አስቀምጦ ወጣ። እሱ ጠላ አጋምሶ የሚወጣ ሰው አልነበረም።

እታለም ጓዳ ሆና ሰፌድ ትሰፋ ነበር። ወስፌው አውራ ጣቷን ወጋት። ደሙን እየመጠጠች ግድግዳውን ታያለች።

በማግሥቱ ግን ምሳ ይዛ አውድማ መጣች። አባቴ በመንሽ ገለባውን ወደ ነፋሱ ይወረውራል። ሞሰቡን አስቀመጠችና ቆመች።

«አባባ፣ አያ ደሴ ካልተጫወተ ማንም አይጫወትም» አለችው።

«ምን አልሽ?»

«ሰምተውኛል።»

«አንቺ፣ የማን ሠርግ መሰለሽ?»

«እሱን ነው እኔም የምጠይቅዎት።»

አባቴ መንሹን አነሳ። የሚመታት መሰለኝና ዓይኔን ጨፈንሁ። ዓይኔን ስገልጥ ገብሱን ነበር የሚመታው፣ በመንሽ የማይመታውን ገብስ። እሷ ቀስ ብላ ሄደች። ወደ ቤት ሲገባ ለእናቴ፣ «ልጅሽ አብዳለች» አላት። እናቴም፣ «እኔ ምን አውቃለሁ። ሙሽራዋ እሷ፣ ሠርጉ ያንተ» አለችው።

ጥምቀት አለፈ። ዳሱ ተሠራ፤ ምሰሶው ባሕር ዛፍ፣ ማገሩ ቀርከሃ፣ ጣሪያው ቅጠል። ጎረቤት ሁሉ ጌሾ ጌሾ ይሸታል። ልጃገረዶቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ እኛ ቤት እየመጡ ከበሮ ይመታሉ፣ ሙሽራዋን ያሞግሳሉ። አለቃቸው ባንቺአምላክ ናት፤ የጎረቤት ልጅ፣ አፏ የማይያዝ። እኔ ነገሩ የተረሳ መስሎኝ ነበር። እታለም አንድም ቀን ስለ መሰንቆ አላነሳችም። አባቴም ተረሳ ብሎ ደስ ብሎት ነበር።

የሠርጉ ዕለት ጧት ልጃገረዶቹን ጓዳ ጠራቻቸው። እኔ ትንሽ ወንድሟ ነኝና ማንም አላስወጣኝም። አልባሳቷን ለብሳ፣ ሹሩባዋ ቅቤ ተቀብቶ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«ዛሬ ዘፈን የለም» አለች። «አያ ደሴ ባዶ እጁን ዳስ ውስጥ ተቀምጦ፣ እናንተ ለኔ አትዘፍኑም።»

«ሠርገኛው በር ላይ ሲደርስስ?» አለች ባንቺአምላክ። «ሳንዘፍን፣ ሳንከለክል ዝም ብሎ ይግባ?»

«ቁጭ በሉ።»

«ቁጭ ብለን እንያቸው?»

«እዩዋቸው።»

አንዷ ሳቋ አመለጣት። ባንቺአምላክ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ከበሮውን ወደ በሩ ይዛ ወጣች፤ መሬት ላይ አቆመችውና ቂጧን አሳርፋ ተቀመጠችበት። እንግዲህ ማንም ሊመታው አይችልም።

አያ ደሴ መጣ። ጋቢው ታጥቧል። ጥግ ላይ ተቀመጠ። እጆቹ የሚያደርጉት አጥተው አንድ ጊዜ ከጉልበቱ ላይ፣ አንድ ጊዜ ከብብቱ ሥር ይሆናሉ። ሰው አጠገቡ ሲደርስ ዓይኑን ይሰብራል። እንጀራ አቀረቡለት፤ ዳር ዳሩን ቆርሶ ተወው።

አሁን ልብ በሉልኝ። በኛ አገር የሠርግ ቤት ከበሮ ከማዶ ይሰማል። ሙሽራው ከጅረቱ ሳይደርስ ዘፈኑ ይቀበለዋል፤ በዘፈኑ ነው በቅሎውን የሚያፈጥን። ሰው ተሰብስቦ፣ ዳስ ተጥሎ፣ ድምፅ የማይሰማ ከሆነ ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። ለቅሶ ቤት ነው።

ሠርገኞቹ ኮረብታውን ወረዱ። በጓዳው ግድግዳ ቀዳዳ አያቸዋለሁ፤ ጥላው፣ በቅሎዎቹ፣ የተማሪዎቹ ነጭ ልብስ፣ ከፊት መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው። ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጆሮ ሰጡ። የሚሰማ የለም። የሙሽራው አክስት አለች፤ ለቅሶ ላይ ስሟ የገነነ ሴት። የኛን ዳስ አየች፣ የተቀመጠውን ሰው አየች፣ ዝምታውን ሰማች። ነጠላዋን አወረደችና ለለቅሶ እንደሚለበሰው ጥለቱን አዘቅዝቃ ለበሰች።

«ምነው ልጄን! ገና ቤቴን ሳታየው!» ብላ አንድ ጊዜ ስትጮህ፣ ኋላዋ ያሉት ሴቶች ሁሉ ነጠላቸውን አዞሩ። ሙሽራዋ ሞታለች ብለዋል።

የኛ ሰዎች ደግሞ ዳስ ውስጥ ሆነው ከሙሽራው ወገን ለቅሶ ሲመጣ ሰሙ። ምን ይበሉ? ልጁ መንገድ ላይ በቅሎ ጥላው ሞተ አሉ። የኔ አክስቶች ደረታቸውን እየመቱ ወጡ። እነዚያ እነዚህን ሲያዩ በቁርጡ ሞታለች አሉና ባሰባቸው። ደጃችን ላይ ተገናኝተው ተቃቅፈው አለቀሱ። እነዚያ ለኛ ያለቅሳሉ፣ እኛ ለእነሱ። ሙሽራው በቅሎው ላይ ካባውን እንደለበሰ ቁጭ ብሎ ያያል፤ ቀና ብሎ የሚያየው የለም።

አባቴ፣ «ኧረ ማንም አልሞተ!» ይላል። ማን ይስማው። መሪጌታ ነገሩ ቶሎ ገባቸው። ዞረው ተማሪዎቻቸውን፣ «ጀምሩ!» አሉ፤ በወረቡ ጫጫታውን ሊያፍኑት ነው። ተማሪዎቹም ጀመሩ። በምን ቃል እንደጀመሩ አልሰማሁም፤ ማንም አልሰማም። ከሩቅ ላለ ሰው ግን ሴት ታለቅሳለች፣ ካህን ያዜማል። ፍትሐት እንጂ ሌላ ምን ይባላል? በየእርሻው ያለ ሰው ሥራውን እየጣለ መምጣት ጀመረ። ሁለት ጎረቤቶቻችን መቃብር ለመቆፈር ዶማ ተሸክመው ሲመጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

መሪጌታ ተጣድፈው ወደ ልጃገረዶቹ መጡ።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ዝፈኑ!»

«ሙሽራዋ ከልክላናለች» አለች ባንቺአምላክ፣ ከከበሮው ሳትነሳ።

መሪጌታ ጓዳው በር ድረስ መጡ። መጋረጃው ብቻ ነው ያለው። መቋሚያቸው ከሥሩ ይታየኛል።

«ልጄ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«አጎቴን።»

«አጎትሽ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ አይደለም ወይ?»

«ባዶ እጁን ነው የተቀመጠው።»

«ሙሽራ እንዲህ አይናገርም።»

«ሌላ የሚናገር ጠፋ፣ መሪጌታ።»

ውጭ ለቅሶው ከፍ አለ። አንዱ «ቀብሩ የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማን። የመቋሚያው ጫፍ አፈሩን ቆፈረው።

«ላጋባሽ ያመጣሁትን ልጅ ይዤ ልመለስ?»

«እሱ የእርስዎ ፈንታ ነው። እኔ ልጅዎን አልጠላሁም። አጎቴ ዝም በተባለበት ሠርግ ግን አልሄድም። በዚህ ለቅሶ ላይ ወረብ ተሞከረ፤ ፍትሐት መሰለ። መሰንቆ ብቻ ነው ለቅሶ ቤት የማይገባ።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ነቀሉ፣ መልሰው ተከሉ። የተማሩ ሰው ናቸው፤ የምትለው እውነት መሆኑን ያውቃሉ። ያወቁትን መናገር ነው የከበዳቸው።

«ያምጣው» አሉ በመጨረሻ። «ይህን ጩኸት ያቁምልን እንጂ ያምጣው።»

እታለም ወደኔ ዞረች። «ሂድ አምጣ» አለችኝ። «በጓሮ እንዳትመጣ። በደጅ፣ በመካከላቸው።»

ስወጣ እናቴ በሩ ላይ ያዘችኝ። «ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ጭራውን እንዳትነካው» አለች። የት እንዳለ ታውቅ ነበር ማለት ነው።

የአያ ደሴ ቤት ከኛ በላይ ነው። ሮጥሁ። ነጩ አዲሱ ጭራ ተወጥሮበታል፤ እንዳይጫወትበት የታዘዘውን መሰንቆ አዘጋጅቶት ነበር። እንደ እባብ ከሰውነቴ አርቄ ያዝሁት። ቁልቁለቱን ስሮጥ ንፋሱ ጭራውን እየነካ ዝዝዝ ያሰኘዋል፤ ሰይጣኑ ነቃ አልሁ። ብጥለው አያ ደሴ አለ፣ ብይዘው ሰይጣን አለ። ከራሴ በላይ አንጠልጥዬው፣ እየጮህሁ፣ ለቅሶው መካከል ገባሁ።

የሙሽራው አክስት ናት መጀመሪያ ያየችው። ለሌላ ጩኸት አፏን እንደከፈተች መሰንቆው ፊቷ ላይ ደረሰ። አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ድምፅ ግን አልወጣም። ከእሷ ቀጥሎ ያለችው ዝም አለች፤ ከዚያ ሌላዋ። ዶማ የያዙት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩና ዶማውን ከኋላቸው ደበቁ።

አያ ደሴ ተነሳ። ከእጄ ወሰደው። መሪጌታን አየና፣ «ልጅቷ ጠርታኝ ነው፣ አባቴ» አላቸው። ሌላ ምንም አልጨመረም። ተቀመጠና ገዘገዘ፤ ከዚያ ወደ አክስትየዋ ዞሮ፣

«እልል በሉ እንጂ፣ ምን ሆናችሁ፣
ሙሽራይቱ ቆማ ነጠላ ያዞራችሁ» አለ።

ሰው በሳቅ ፈነዳ። አክስትየዋ ራሷ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች፤ ነጠላዋንም አቃናች። ሠርገኛው እየተንጋጋ ወደ ዳሱ ሊገባ ሲል ባንቺአምላክ ከከበሮው ላይ ተነሳች።

«ቆዩ» አለች። «የለቅሶ አገባብ ነው የገባችሁት። ወደ ጅረቱ ተመለሱና እንደ ሠርገኛ ኑ።»

ቀልድ መሰላቸው። እሷ ግን እጇን ዘርግታ በሩን ያዘች፤ ልጃገረዶቹም ተደረደሩ። ከበሮው መመታት ጀመረ። እናም ተመለሱ። በቅሎዎቹ ዞሩ፣ ጥላው ዞረ፣ ተማሪዎቹ እየተሳሳቁ ዞሩ፤ መሪጌታም መቋሚያቸውን ይዘው እስከ ጅረቱ ወርደው ዳግመኛ መጡ። በር ላይ ተዘፈነባቸው፣ ተከለከሉ፣ ተሰደቡ፣ ገቡ። አያ ደሴ እጁ እስኪላጥ ተጫወተ። አባቴ ከእታለም ጋር ሳይነጋገር ዋለ፤ ጠላውን ግን ለአያ ደሴ እራሱ ይቀዳለት ነበር።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሙሽራዋ ልትወጣ ሆነ። ያባቴን ጉልበት ሳመች፣ የእናቴን ሳመች፤ ከዚያ ሰዎቹ ወደ በቅሎው ሲመሯት ጥላቸው ሄዳ የአያ ደሴን ጉልበት ሳመች። መሪጌታ አጠገቡ ቆመው ነበር።

«ከጅረቱ ወዲያ መሰንቆ የለም» አሉት ቀስ ብለው። አልተቆጡም። ድንበራቸውን ማሳየታቸው ነው።

«ከጅረቱ ወዲያ የእርስዎ ነው» አላቸው አያ ደሴ።

እንደ ቃሉ አልተሻገረም። ውኃው ዳር ቆሞ ተጫወተ። ሠርገኞቹ ተሻገሩ፤ ተማሪዎቹ በዚያኛው ዳር ወረባቸውን ከፍ አድርገው ያዙ፤ እሱም ጠበቅ አድርጎ ገዘገዘ። ሁለቱም አልተዉም። እኔ ከእግሩ አጠገብ ቆሜ በቅሎዋን አያለሁ። ሙሽራ በወጉ አንገቷን ደፍታ፣ አልቅሳ ነው የምትሄድ፤ መጨፈርማ ከቶ የማይታሰብ ነው። መሪጌታ ከበቅሎዋ ኋላ እየሄዱ ናቸው፤ እኔ ያየሁትን እሳቸውም አይተዋል፣ ግን መንገዳቸውን ቀጠሉ። ካባዋ ትከሻዋ ላይ ከመሰንቆው ጋር እኩል ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ነፋሱ ቆሞ ነበር።